ነርሶቹና ሐኪሞቹ ስለ ራሳቸው የመሰከሩት
ስለ ካንሰር፣ ስለ ማዕድና ስለ እንቅልፍ



ካንሰር የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን "ስሙን ቄስ ይጥራው" ብለን ወሬውን እናስለውጣለን። ስናወራበትም ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስለናል፤ የባለጠጋ፣ የሽማግሌ ወይም የሆነ ነገር የደረሰበት ሰው። አንዲት ነርስ ወይም አንድ ሐኪም በካንሰር መያዙ ሲሰማ ደግሞ "እነሱ መድኃኒቱ እጃቸው ላይ እያለ ከታመሙ እኛማ ምን ልንሆን ነው?" ይባላል።

ነገሩ ግን ሌላ ገጽታም አለው። ሲጋራ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ የሰውነት ክብደትና እንቅልፍ ከካንሰር ጋር ስላላቸው ግንኙነት ዛሬ ዓለም ከሚያውቀው ውስጥ ብዙው የተገኘው ከራሳቸው ከሐኪሞችና ከነርሶች ሕይወት ነው። በየቤታቸው የሚበሉትን፣ የሚያጨሱትን፣ የሚተኙበትን ሰዓት በወረቀት እየሞሉ ለዐሥርት ዓመታት ልከዋል። የታመሙት ታመሙ፣ ያረፉትም ዐረፉ፤ ወረቀታቸው ግን ቀርቶ ለኛ ጠቀመ። በዚህ እትም ከዚያ ወረቀት ውስጥ በሰው ቤት ለምንኖር የሚሆነውን መርጠን እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አርባ ሺህ ሐኪሞች

በ1951 ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በብሪታንያ ለተመዘገቡ ሐኪሞች ሁሉ አጭር ደብዳቤ ላኩ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ "ታጨሳለህ? ስንት? መቼ ጀመርክ? አቁመህ ከሆነ መቼ?" የሚል ነው። 40 ሺህ ያህል ሐኪሞች መልስ ሰጡ። ያን ጊዜ ሲጋራ እንደ ሻይ የሚቆጠር ነገር ነበር፤ ከወንዶቹ ሐኪሞች አብዛኞቹ ያጨሱ ነበር፤ ዶል ራሱም አጫሽ የነበረና ከዚያ ቀደም ባደረጉት ጥናት ምክንያት የተወ ሰው ነው።

ከሦስት ዓመት ያነሰ ጊዜ እንኳ በቂ ሆነ። በ1954 በወጣው የመጀመሪያ ውጤት በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሐኪሞች 36 ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ፈጽሞ ያላጨሰ አንድም ሰው አልተገኘም። ጥናቱ ለ50 ዓመት ቀጠለና በ2004 የመጨረሻው መልስ ወጣ፤ ዕድሜ ልኩን የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው ይልቅ በአማካይ ዐሥር ዓመት ቀድሞ ይሞታል። በ60 ዓመቱ ያቆመ 3 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ40 ያቆመ 9፣ በ30 ያቆመ ደግሞ ዐሥሩን ዓመት ሙሉ ያህል ያተርፋል። ሐኪሞቹ ውጤቱን አንብበው ብዙዎቹ ሲጋራቸውን ጣሉ፤ በመካከላቸውም የሳንባ ካንሰር ሞት እየቀነሰ ሄደ።

"እኔ አላጨስም" የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ የምትኖሩበት ቤት ያጨሳል ወይ? በ1981 በጃፓን ታኬሺ ሂራያማ የተባለ ሐኪም ከ91 ሺህ በላይ የማያጨሱ ሚስቶችን ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። ባሎቻቸው በብዛት የሚያጨሱ ሴቶች፣ ራሳቸው አንድም ሲጋራ ሳይዙ፣ በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው ዕድል ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። የሌላ ሰው ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ አከራካሪ አይደለም።

በዚህ አገር ደግሞ አርጊላው አለ። ብዙዎቻችሁ ፍሙን የምታቀጣጥሉ፣ ለእንግዳ የምታቀርቡ፣ ጭሱ በሞላበት ሳሎን ቡና የምታመላልሱ እናንተ ናችሁ። ውኃው ጭሱን ያጠራዋል የሚባለው እውነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እንደገለጸው አንድ ሰው አንድ ሰዓት አርጊላ ሲስብ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የጭስ መጠን ከአንዲት ሲጋራ 100 ዕጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ፍሙንም ከሰል ሲቀጣጠል የሚወጣ፣ ራስ የሚያዞርና እስከ ሞት የሚያደርስ ጋዝ ያለው ስለሆነ በተዘጋ ወጥ ቤት አታቀጣጥሉት፤ በረንዳ ላይ ወይም ከተከፈተ መስኮት ሥር ይሁን። ማዳም "ቤቱ ይበርዳል" ብትል "ራሴን ያዞረኛል፣ እወድቃለሁ" ማለት ከካንሰር ወሬ ይልቅ ቶሎ ይሰማል። እሑድ በዕረፍት ቀን እርስ በርስ ተሰብስበን አርጊላ የምንስብ ካለን ደግሞ፣ እዚያ ላይ ማዳምን ማማት አንችልም።

አንድ መቶ ሃያ አንድ ሺህ ነርሶች

አሁን ወደ ነርሶቹ እንሂድ። በ1976 በአሜሪካ ፍራንክ ስፓይዘር የተባለ ሐኪም በ11 ግዛቶች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 55 የሆኑ ባለትዳር ነርሶችን ለጥናት ጋበዘ። 121,700 ያህል ነርሶች ፈቀዱ። ነርሶች የተመረጡበት ምክንያት ያስደስታል፤ ስለ ሕመም ሲጠየቁ በትክክለኛ ስሙ የሚመልሱ፣ አንዴ ቃል ከገቡም ወረቀቱን የማይረሱ ሰዎች ናቸው ተብሎ ነው። በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ ይላክላቸዋል፤ ከ1980 ጀምሮ ስለሚበሉት ምግብ፣ ዳቦው ነጭ ነው ወይስ ያልተፈተገ እስከሚለው ድረስ በዝርዝር ተጠየቁ። የእግር ጥፍራቸውን ቆርጠው በፖስታ የላኩም ብዙ ሺህ ናቸው። በ1989 ሁለተኛ ቡድን፣ ከ116 ሺህ የሚበልጡ ወጣት ነርሶች ተጨመሩ።

ጥናቱ ሲጀመር ሲሶ ያህሎቹ ነርሶች አጫሾች ነበሩ። በሳንባ ካንሰር የሚሰቃይ በሽተኛ ሲያስታምሙ ውለው ማታ ሲጋራ ይለኩሳሉ። ይህን የምናነሣው ለመፍረድ አይደለም። ዕውቀት ብቻውን ሰውን እንደማያድን፣ ድካምና ጭንቀት ዕውቀትን እንደሚያሸንፉ እናንተም ከኑሯችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሶ የሚተኛ ሰው ሰላጣ ልቀንጥስ አይልም፤ ያገኘውን ጎርሶ ይወድቃል።

ለብዙ ዓመት ሐኪሞች የጡት ካንሰር የሚመጣው ከሚበላ ቅባት ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። የነርሶቹ ወረቀት ግን ይህን አልደገፈም፤ ብዙ ቅባት የሚበሉትና ጥቂት የሚበሉት በጡት ካንሰር በኩል ልዩነት አልታየባቸውም። ልዩነት የታየው በክብደት ነው። በ2006 በወጣው ውጤት፣ ከ18 ዓመታቸው ወዲህ 25 ኪሎና ከዚያ በላይ የጨመሩ ሴቶች ካረጡ በኋላ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ክብደታቸው ካልተለወጠው ሴቶች በ45 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። የወር አበባ ከቆመ በኋላ እንስታዊው ሆርሞን በአብዛኛው የሚሠራው በስብ ውስጥ ነው፤ ስብ ሲበዛ ሆርሞኑ ይበዛል፣ ሆርሞኑም ዕጢውን ይመግባል። ካረጡ በኋላ 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ቀንሰው በዚያው የቆዩት፣ የማረጫ ሆርሞን መድኃኒትም ያልወሰዱት፣ ሥጋታቸው ከግማሽ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

መጠጥም እንዲሁ። በ2011 በወጣው ውጤት በሳምንት ከ3 እስከ 6 ብርጭቆ ወይን ወይም የዚያን ያህል ቢራ የሚጠጡ ነርሶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት በ15 በመቶ ከፍ ይላል። ቢራም ሆነ ጠጅ፣ ውስኪም ሆነ አረቄ፣ በዚህ ነገር አንድ ናቸው፤ የሚሠራው አልኮሉ ነው።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ማሳሰቢያ። "በ45 በመቶ ከፍ ይላል" ሲባል ከመቶ ሴቶች 45ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ከመቶ ሴቶች 10 የሚታመሙበት አገር ቢሆን ቁጥሩ ወደ 14 ወይም 15 ይደርሳል ማለት ነው። ደግሞም ነርሶቹ በአብዛኛው ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ኑሯቸውም ከእኛ ይለያል። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳለ ወደ እኛ አይገለበጥም። አቅጣጫው ግን በሌሎች አገሮች ጥናቶችም ታይቷል።

የሌሊት ተረኞች

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የሚቀርበው የሌሊቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም። የታመሙ ሽማግሌ የምታስታምሙ፣ ሕፃን ይዛችሁ የምታድሩ፣ በረመዳን እስከ ንጋት ቆማችሁ ጠዋት ልጆች ለትምህርት ቤት የምታሰናዱ አላችሁ። ማዕረጉና ደሞዙ ባይኖርም ሥራው የሌሊት ተረኛ ነርስ ሥራ ነው።

በ2001 ኤቫ ሸርንሃመርና ባልደረቦቿ የነርሶቹን ወረቀት መርምረው፣ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ በሌሊት ፈረቃ የሠሩ ነርሶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ36 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳተሙ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ሰውነት በጨለማ ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ በሌሊት መብራት ሲበራ ያ ሆርሞን ይቀንሳል፣ የሰውነት ሰዓትም ይዛባል። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሰውነትን ሰዓት የሚያዛባ የሌሊት ሥራን "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ከሚላቸው ነገሮች ተራ አስገባው። ዴንማርክ እስከ 2009 ድረስ ለብዙ ዓመት ሌሊት ሠርተው የጡት ካንሰር ለያዛቸው ከ30 ለሚበልጡ ሴቶች የሥራ ጉዳት ካሳ ከፈለች፤ ነርሶችና የአውሮፕላን አስተናጋጆች ነበሩባቸው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2016 ከብሪታንያ የወጣ ሰፊ ጥናት በሌሊት ሥራና በጡት ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። በ2019 ዓለም አቀፉ ተቋም ሁሉንም ማስረጃ እንደገና አይቶ "ሳያመጣ አይቀርም" የሚለውን ፍርዱን አጸና፤ "በእርግጥ ያመጣል" ግን አላለም። እንግዲህ ሁለትና ሦስት ዓመት ሕፃን ይዛ ያደረች እህት "አበቃልኝ" ብላ እንድትጨነቅ የሚያደርግ ምንም ነገር የለም። ጥያቄው የዐሥርና የሃያ ዓመት ነው። ይሁንና ለካንሰሩ ባይሆን እንኳ ለደም ግፊቱ፣ ለስኳሩና ለአእምሮ ሰላም እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር የሚቆምበት ቦታ አለ። በሊባኖስ በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ወጥ የሥራ ውል በሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይላል። የኳታር የ2017 ሕግ የቀን ሥራን በ10 ሰዓት ይወስናል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የ2022 ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ያዛል። ወረቀትና ቤት አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ቢሆንም "ሌሊት ከተነሣሁ ቀን ሁለት ሰዓት ልተኛ" የሚል ጥያቄ ልመና እንዳልሆነ ማወቁ አንገትን ቀና ያደርጋል። የምትተኙበት ቦታ መብራት የማይጠፋበት ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ከሆነ ዐይናችሁን በሻሽ ሸፍኑ፤ ስልኩንም ከትራስ ሥር አውጡት። ከሀገር ቤት የሚደወልላችሁ በሰዓት ልዩነትና በካርድ ቅናሽ ምክንያት እኩለ ሌሊት ከሆነ፣ ለቤተሰብ "በዚህ ሰዓት ብቻ" ማለት ክፋት አይደለም።

ስለ ማዕዱ

በ1990 ነርሶቹን ከተከታተለው ጥናት ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር የወጣው ዜና ብዙ ሰው አስደነገጠ። የበሬ፣ የበግ ወይም የዐሣማ ሥጋ በየቀኑ የሚበሉት፣ በወር አንዴ እንኳ ከማይበሉት ይልቅ ሥጋታቸው ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉትም አቅጣጫውን አልቀየሩትም። በ2015 ዓለም አቀፉ ተቋም በጨው፣ በጭስና በኬሚካል የተሰናዳ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ተናገረ፤ በየቀኑ የሚበላ 50 ግራም የዚህ ዓይነት ሥጋ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ሥጋት በ18 በመቶ ከፍ ያደርጋል።

አብዛኞቻችን በየቀኑ ሥጋ የሚቀርብልን ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን 50 ግራም ማለት ሁለት ቁራጭ ሞርታዴላ ነው፤ ሞርታዴላና ላንሾን፣ ቋሊማም ቢሆን፣ ርካሽና ፈጣን ስለሆኑ "ለሠራተኛዋ ይሁን" ተብለው ፍሪጅ ውስጥ የሚተዉ እነሱ ናቸው። ልጆቹ ያልጨረሱት ሳንድዊችም ብዙ ጊዜ የእኛ ቁርስ ነው። በሳምንት አንዴ ቢሆን አንጨነቅም፤ የየቀን ቁርስ ከሆነ ግን እንቁላል ወይም ፉል ይሻላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከሁሉ የሚሻለው ምግብ በዚህ አገር ወጥ ቤት ውስጥ ርካሹ ነው። ያልተፈተገ እህልና ጥራጥሬ በውስጣቸው ያለው አሰር ከትልቁ አንጀት ካንሰር እንደሚጠብቅ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ዐረቦቹ አደስ የሚሉት ምስር፣ ሽምብራው፣ ፉሉ፣ ቡርጉሉ በየቁም ሳጥኑ አለ። ከሩዝና ከምስር የሚሠራው ሙጀደራ ከእኛ የጾም ምግብ ብዙም አይርቅም፤ ማዳምም "ርካሽ ነው" ብላ አትቆጣም። ነጩን ኹብዝ ትታችሁ ቡናማውን ማንሣት የምትችሉበት ቤት ከሆነ አንሡ። እናቶቻችን ያሳደጉን በጤፍ እንጀራ፣ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ነው። ኦርቶዶክሳውያን እህቶቻችን ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማሉ። ከልብ ከታየ የእናቶቻችን የጾም ገበታ ሐኪሞቹ ዛሬ ከሚያዝዙት ጋር ይስማማል። ችግሩ እዚህ ስንመጣ ጾሙ ራሱ መልኩን መለወጡ ነው። የተጠበሰ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ ኢንዶሚና ፔፕሲ ከሥጋና ከወተት የጸዱ ናቸው፤ ስለዚህ ጾም ነው እንላለን። ሆድ ይሞላል፣ ልብስ ይጠባል፣ ሰውነት ግን አልተመገበም። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይም ድካሙን ለአፍታ ያስረሳል እንጂ ጉልበት አይሆንም።

ምግብ ሲከለከል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የማትጠግብ እህት ካለች የክብደት ምክር እሷን አይመለከታትም፤ እሷ የሚያስፈልጋት ምግብ ነው፣ ጉዳዩንም ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ታሳውቅ።

ስፖርትንም በተመለከተ ነርሶቹ ላይ የታየው በእግር መሄድና መንቀሳቀስ ከጡትና ከአንጀት ካንሰር እንደሚጠብቅ ነው። ሆኖም ሦስት ፎቅ ደረጃ ስታጥብ የዋለችን ሴት "እንቅስቃሴ አድርጊ" ማለት ቀልድ ይሆናል። ለብዙዎቻችሁ የጎደለው ዕረፍት ነው።

ከሀገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው በርበሬ፣ ሽሮና ኦቾሎኒ ትልቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በእርጥበት የተቀመጠ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና ቅመም የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ እጅግ ይከፋል። መጥበስም ሆነ ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ያለው ወበቅ ለሻጋታ የተመቸ ስለሆነ በርበሬውን በደረቅ ዕቃ ከድናችሁ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። የሸገተ ወይም የመረረ ኦቾሎኒ "ያሳዝናል" ብላችሁ አትብሉት።

ስለ ቡናስ? ደስ ይበላችሁ። በ2016 ዓለም አቀፉ ተቋም ቡናን እንደገና መርምሮ ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘበትም። ያስጠነቀቀው ከ65 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ መጠጥ ነው፤ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ውኃ፣ እያቃጠለ ሲወርድ በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ሥጋት አለው። ማዳም ስትጠራ ለመድረስ የፈላ ቡና በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ይቀዝቅዝ፣ አይጠፋም።

"በረኪናና ክሎሮክስ ካንሰር ያመጣሉ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ፣ በረኪና ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ነገር ግን በ2019 ከነርሶቹ ጥናት የወጣ ውጤት፣ በሥራቸው ላይ የማጽጃ ኬሚካል አዘውትረው የሚጠቀሙ ነርሶች በከባድ የሳንባ በሽታ ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይቷል። መስኮት ክፈቱ፤ በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የጣሊያኑ ሐኪምና መነኮሳቱ

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የጡት ካንሰር ከሌሎች ሴቶች ይልቅ በሴት መነኮሳት ላይ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። ምሥጢሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታ፤ መውለድና ማጥባት ከጡት ካንሰር ይጠብቃሉ። በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ፣ አንዲት እናት ባጠባችው በየ12 ወሩ ሥጋቷ 4.3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በየወለደችው ልጅ ደግሞ 7 በመቶ።

ይህን ስንጽፍ ልባችን ይከብዳል። ኮንትራት በኮንትራት ላይ እየጨመረች ትዳርና ልጅን ለነገ ያሳደረች፣ ወይም የስድስት ወር ሕፃን ለእናቷ ትታ የመጣች እህት ይህን እንዴት ታነብበዋለች? ጥፋት አድርጋ አትቁጠረው። ያልወለዱ ሴቶችም አብዛኞቹ በጡት ካንሰር አይያዙም። ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜዋ እየገፋ ላልወለደች እህት ጡቷን ማወቅና ምልክት ሲታይ አለመዘግየት ይበልጥ ያስፈልጋታል።

መቼ ነው ዝም የማይባለው?

ከሀገር ስትወጡ የተደረገላችሁ ምርመራ፣ ራጁ፣ የደሙና የእርግዝናው፣ ለሥራ ብቁ መሆናችሁን ለማወቅ ነው። ካንሰርን ለመፈለግ የተደረገ አይደለም። "ፊት ነሽ ተብዬ ነው የመጣሁት" ማለት ጡትሽ ወይም ማኅፀንሽ ታይቷል ማለት አይደለም።

በጡት ወይም በብብት ውስጥ የማያመም እብጠት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ማውጣት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን። ከወር አበባ ውጭ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም። በሰገራ ደም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ ሦስት ሳምንት ያለፈው ሳል። እነዚህ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። በተለይ የማያመመው እብጠት ያታልላል፤ "አያመኝም፣ ኮንትራቴን ልጨርስ" እየተባለ ሁለት ዓመት ያልፋል። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። የሆነውም ቢሆን በጊዜ ሲደረስበት የሚድን ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው ነው። የሚያመጣው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው፤ ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ልትይዘው ትችላለች። ስለዚህ ይህን በሽታ የኃጢአት ማስረጃ አድርጎ በእህት ላይ ማንሾካሾክ ትልቅ በደል ነው። ለዕረፍት ሀገር ቤት ስትገቡ፣ ዕድሜያችሁ ከ30 በላይ ከሆነ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በመንግሥት ሆስፒታል የማኅፀን በር ምርመራ ጠይቁ፤ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁም እንዲሁ፤ ኢትዮጵያ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የዚህን ቫይረስ ክትባት በየትምህርት ቤቱ መስጠት ጀምራለች። ልጃችሁን የምታሳድገው አያት ወይም አክስት ወሬ ሰምታ "መካን ያደርጋል" ብላ እንዳትከለክላት በስልክ አስረዷት። መካን አያደርግም።

ለማዳም ለመናገር ለሚቸግራችሁ ጥቂት ቃላት እነሆ። በሊባኖስ "በዲ ሩህ አንድል ሀኪም"፣ በሳዑዲ "አብጋ አሩህ አልሙስተሽፋ" ማለት ሐኪም ቤት መሄድ እፈልጋለሁ ነው። "ፊ ደም" ደም አለ ማለት ነው። እብጠት "ወረም" ይባላል፤ ይህ ቃል በዐረብኛ ለዕጢም ስለሚያገለግል ቀለል አድርገው አይሰሙትም። ጡት "ሰድር" ነው። "መሪዳ" ብቻ ካላችሁ ፓናዶል ይሰጧችኋል፤ ቦታውን በስሙ ጠርታችሁ ተናገሩ።